ፋህስ ያለፈች መኪና

ኪዳን ግንባሩን መሪው ላይ አስደግፎ ሞቶ የተገኘው ኩዌት በአቧራ ታፍና በነጋችበት አንድ የመጋቢት ሐሙስ ጠዋት ነው። ሳልዋ ውስጥ ካለ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ሥር፣ ምድር ቤቱ ጋራዥ ውስጥ፣ የነጭ ኮሮላው ሞተር እየሠራ፣ ማቀዝቀዣው እየነፈሰ፣ አራቱም መስኮቶች ጥርቅም ብለው እንደተዘጉ ነበር። የኋላ ወንበሩ ላይ የታጠበ አንሶላ ተነጥፏል፤ በሩ ኪስ ውስጥም ለተሳፋሪ የሚረጨው ሳኒታይዘር ተቀምጧል።

ከራስ እስከ እግራቸው ነጭ ቱታ የለበሱት የአምቡላንስ ሰዎች ሟቹ ከሁለት ወር በፊት ኮሮና ይዞት እንደነበር ከሕንፃው ሐሪስ፣ ከዘበኛው፣ ሰምተዋል። ለነሱ ነገሩ እዚያው አልቋል።

«ልቡን ተመልሶ መታው» አለ አንደኛው። «ስንቱን እንዲህ አነሳን!»

ብዙነሽ ቁልቁለቱን ወርዳ ጋራዡ ውስጥ ስትገባ የሞተው ማን እንደሆነ አታውቅም ነበር። ፖሊስ ጣቢያው የጠራት እንደወትሮው ለአስተርጓሚነት ነው። ኩዌት ከመምጣቷ በፊት ደሴ ውስጥ በወንጀል መርማሪነት ሠርታለች፤ የጣቢያው ሹም ሻምበል ዒሳ ይህን ስለሚያውቅ ከማስተርጎም ያለፈ ሥራ ሲሰጣት ቆይቷል። ኮሮላውን ከሩቅ ስታይ ወዲያው አወቀችው። በዚያች መኪና ስንቴ ተሳፍራለች! ኪዳን ትናንት ከሰዓት እንኳ በስልኳ ድምፁን ልኮላት ነበር። «ብዙዬ፣ ኮሮላዬ ዘንድሮም ፋህስ በአንዴ አለፈች! ከአርብ በኋላ ደግሞ አንድ የማጫውትሽ ነገር አለ። አሁን አትጠይቂኝ፣ ቃል ገብቻለሁ።»

ኪዳን ወደተኛበት ቃሬዛ ቀረበች።

«ማስኩን አንድ ጊዜ ዝቅ አድርጉልኝ።»

ሰውየው ሻምበሉን አየ። ሻምበሉ ራሱን ነቀነቀ። የኪዳን ከንፈር ቀለም የተቀባ ይመስል ቀልቷል፤ ጉንጩም እንደዚያው፣ ከሞተ ሰው ይልቅ ከሩጫ የመጣ ሰው ይመስላል። ብዙነሽ ይህን መልክ ታውቀዋለች። ደሴ በክረምት፣ ከሰል ሳያወጡ በራቸውን ዘግተው ተኝተው የቀሩ ሰዎች ቤት ስትጠራ ያየችው ይህንኑ ነበር።

«ሻምበል፣ ይህ ሰው በኮሮና አልሞተም። ጭስ ነው የገደለው።»

ሻምበል ዒሳ ወደ መኪናው ዞረ። ገና ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ኩዌታዊ ነው። «እሺ፣ ጭስ ይሁን። መኪናው ያረጀ ነው። የጭስ ማውጫው ተበስቶ ጭሱ ወደ ውስጥ ገብቶበት ይሆናል። ያሳዝናል፤ ግን አደጋ ነው።»

«ትናንት ፋህስ አልፏል።»

«ዓመታዊውን ምርመራ?»

«ትናንት ከሰዓት። ይህ መኪና ወድቆ አያውቅም። ሌላው ሾፌር ሁሉ ፋህስ ሲደርስበት እንቅልፍ ያጣል፤ ኪዳን ግን ሠርግ እንደተጠራ ሰው ጺሙን ተላጭቶ ነበር የሚሄደው።»

ሻምበሉ ትንሽ አሰበና የትራፊክ ባለሙያ አስጠራ። ባለሙያው ከመኪናው ሥር ገብቶ ብዙም አልቆየም። ሲወጣ ፊቱ ተለውጧል።

«የጭስ ቱቦው መጋጠሚያ ተፈትቷል። አልተበሳም፣ አልዛገም፤ ብሎኖቹ በልካቸው ቁልፍ ተፈትተው ተወስደዋል። ከሾፌሩ እግር ሥር፣ ከምንጣፉ በታች ያለው የላስቲክ መድፈኛም ወጥቷል። ጭሱ የሚገባበት በር ተከፍቶለታል ማለት ነው።»

ሻምበሉ ለብዙነሽ ቀስ ብሎ «የአገርሽን ሰዎች አነጋግሪልኝ» አላት።

መጀመሪያ ግን ወደ ፋህሱ ጣቢያ ሄዱ። ኮሮላውን የመረመረው ግብፃዊ የኪዳንን ፎቶ ሲያይ ወዲያው አወቀው።

«አቡ ኮሮላ! ሞተ? ላ ሐውለ… ትናንት እዚህ ነበር እኮ!»

«የጭስ ማውጫውን አይተህ ነበር?» አለው ሻምበሉ።

«በእጄ ነቅንቄዋለሁ፣ ጭሱንም ለክቻለሁ። ስማኝ ሻምበል፣ ይሄ ሞዴል ድሮም ብዙ አያስቸግረንም። ትልልቁ ዘመናዊ መኪና ሁለቴ ሦስቴ ሲመላለስ ኮሮላ በአንዴ ያልፋል። ግን እንደሱ ዓይነት እኔ አላየሁም። ሌላው ፋህስ የሚመጣው መኪናውን አጥቦ ነው። እሱ ሆዷን ጭምር ነበር የሚያጥበው፤ እያንዳንዱን ብሎን አጥብቆ ነው የሚያመጣት። እኔ በሥራዬ የምዝናናው እሷን ሳይ ነበር።»

ሲመለሱ፣ ሳልዋ ሊገቡ ሲሉ፣ ሻምበሉ ተናገረ። «የሰዓት እላፊው ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ከቤቱ አይወጣም። ስለዚህ ያደረገው ሰው ሕንፃው ውስጥ የሚኖር ነው።»

ብዙነሽ ሕንፃው ውስጥ ያሉትን ሁሉንም ታውቃቸዋለች።

አንደኛ ፎቅ ላይ ያለውን ቤት የተከራየችው እትዬ የሺ ናት። የአርባ ሰው እናት ይሏታል። ብዙነሽ ራሷ፣ ገና እንደመጣች ከማዳሟ ቤት በባዶ እግሯ ወጥታ መግቢያ ያጣች ቀን፣ በሯን የከፈተችላት እትዬ የሺ ነበረች። እግሯን አጥባ፣ ፓንት ሳይቀር ገዝታ አልብሳታለች። ከዚያ ወዲህ ብዙነሽ ከአሠሪያቸው ቤት ጠፍተው የሚመጡ ሴቶችን ስታገኝ የምትወስዳቸው እዚያ ነበር። አሁን ከእትዬ የሺ ጋር የሚኖሩት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ሀናን ሳሎን ውስጥ ጸጉር ትሠራለች፣ መሕቡባ በየቤቱ እየዞረች ታጸዳለች። ሁለቱም የወሎ ልጆች ናቸው። ምድር ቤት ደግሞ ኪዳንና መካኒኩ ሙሐሲን ጎን ለጎን ሁለት ጠባብ ክፍሎች አሏቸው። ሱዳናዊው ሐሪስ ጁማ ጋራዡ በር ላይ ያድራል። እነዚህ ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ፎቆች ተከራዮች በወረርሽኙ ጊዜ ወደየአገራቸው ገብተው ቤቶቹ ባዶ ናቸው።

ጁማ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

«ትናንት ስንት ሰዓት ተመለሰ?» አለችው በዐረብኛ።

«አሥር ሰዓት ገደማ። እሱ ሲገባ እኔ የጋራዡን በር ከውጭ ቆልፌ ዳቦ ልገዛ ሄድኩ። እላፊው ሳይደርስ ሁልጊዜ የምሄደው በዚያ ሰዓት ነው።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ ንቅንቅ አላልኩም። ወንበሬም ፍራሼም መኪናዎቹ አጠገብ ነው። ማንም አልወረደም፣ ወላሂ። ሲነጋ በሩን ከፈትኩና ደረጃ ላጥብ ወጣሁ። ስመለስ ተኝቶ መሰለኝ።»

«ጭስ አልሸተተህም?»

«ማስክ ነበረኝ። ደግሞ ጋራዥ መቼ ነው ጭስ የማይሸተው?»

ሙሐሲን ከሹዌኽ ከሥራ ቦታው ተጠርቶ ሲመጣ እጁ በግሪስ እንደጠቆረ ነው። ሁሉም የጠረጠሩት እሱን ነበር፤ ራሱም ያውቃል።

«ይፈትሹኝ» አለ ገና ሳይጠየቅ። «መፍቻ ስለያዝኩ ነው አይደል? ኪዳን ያቺን መኪና አስነክቶኝ አያውቅም። 'ኮሮላዬን መካኒክ ያበላሽብኛል' እያለ ይስቅብኝ ነበር። ለፋህስ የሚያዘጋጃት ራሱ ነው።»

«ብቻውን?»

«እኔ ሹዌኽ ነው የምውለው፤ ማን እንደሚያግዘው አላየሁም።»

«ከበሽታው በደንብ አገግሞ ነበር?»

«ድኗል እንጂ! ትናንት ማታ የሠራሁትን ፓስታ 'ሽታው ጠራኝ' ብሎ መጥቶ በላ።» ሙሐሲን ድንገት ድምፁ ተሰበረና ፊቱን አዞረ። ሌላ ሊናገር የፈለገው ነገር ያለ መሰላት፤ ግን ዋጠው።

መሕቡባ ፈሪ ናት። ሳሎኑ ጥግ ላይ ተቀምጣ የሻርፗን ጫፍ ትጠመዝዛለች።

«ትናንት ከፋህስ ሲመለስ እኔን ከሩማይሲያ ጭኖኝ ነው የመጣው» አለች። «ደስ ብሎት ነበር። ሬዲዮ ከፍቶ…»

«መኪናው ውስጥ ጭስ ነገር ሸተተሽ?»

«ኧረ ምንም! ማስኬን አውልቄ ማዳም የሰጠችኝን ተምር እየበላሁ ነበር። ቢሸት አውቅ ነበር።»

«እሱስ አፍንጫው ድኖለት ነበር?»

«አዎ፣ ባለፈው ሳምንት እንኳ 'የክሎሪን ሽታችሁ ሊገድለኝ ነው' ብሎ መስኮት ከፍቶልናል።»

«ዛሬ ጠዋት ለምን አብራችሁት አልሄዳችሁም? በየቀኑ ሦስታችሁን ሱራና ሩማይሲያ የሚያደርሳችሁ እሱ አይደለም?»

«ዛሬ አይወጣም ተባልንና።»

«ማን አለሽ?»

«ሀናን። ማታ ነው የነገረችኝ።»

ሀናን ደግሞ አላለቀሰችም። ክንዷን አጣምራ ቆማ ነው የመለሰችው። «ለእኔ የነገረችኝ እትዬ የሺ ናት። እኔ መኪናው ላይ ብሳፈርም ከሱ ጋር ከተነጋገርኩ ወር አልፎኛል። ለምን እንደሆነም ታውቂያለሽ።»

ብዙነሽ ታውቃለች። ባለፉት የብርድ ወራት፣ ከአሠሪዎቻቸው ጠፍተው የነበሩ ሦስት ሴቶች ከተደበቁበት ቤት አንድ በአንድ ተለቅመው ተወስደዋል። የመጨረሻዋ የሀናን የአክስት ልጅ ነበረች። ሦስቱንም ወደተደበቁበት ያደረሳቸው ኪዳን ነው። ስለዚህ ወሬው ሁሉ እሱ ላይ አረፈ። ሀናን ሰው በተሰበሰበበት ፊቱ ላይ ተፍታበታለች። እሱ በእጅጌው ጠረገው።

«ስለሞተ አላዝንም አልልም» አለች ሀናን። «ግን እሱም ያችን ልጅ ሲሸጣት አላዘነም።»

በመጨረሻ እትዬ የሺ ከጓዳ ወጣች። ዓይኗ አብጧል፤ ጥቁር ነጠላ ደርባለች። በኮሮና ምክንያት መተቃቀፍ ቀርቶ ነበርና ሁለቱ በክርናቸው ተነካኩ። አንድ ወጣት ፖሊስ እንደ ደንቡ የሁሉንም እጅ ሳኒታይዘር እየረጨ መጣ። እትዬ የሺ ግራ እጇን ሰጠችው። ቀኙን ሲፈልግ ወደ ነጠላዋ ሰበሰበችው፤ ፖሊሱ ግን ቀድሞ ረጭቶባት ነበር። «እስስ!» ብላ እጇን ሳበች። ብዙነሽ ከአንጓዋ በላይ ያለውን ቃጠሎ አየች። ገና ውኃ የቋጠረ፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል አንድ ቀጥ ያለ መስመር።

«ምን ሆንሽ እትዬ?»

«ሳምቡሳ ስጠብስ ዘይት ፈነጠቀብኝ። ተዪኝ እስቲ፣ ይሄ ምን ቁም ነገር ነው! ምስኪን ኪዳን… አፍንጫው እንኳ ሳይመለስለት! ሽሮ አጠገቡ ሲያር አያውቅም ነበር እኮ።»

«ዛሬ አልወጣም ብሎ የነገረሽ እሱ ራሱ ነው?»

«ራሱ ነው። ትናንት ሲገባ። 'ደክሞኛል፣ ነገ እንዳትጠብቁኝ' አለኝ። እኔ ለልጆቹ ነገርኩ። ብዙዬ፣ ልጄ፣ ቀለም የለሽም እኮ። ውኃ ላምጣልሽ?»

ብዙነሽ ውኃውን ተቀብላ ጠጣች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የምታየውን ላለማየት ከራሷ ጋር ስትታገል ዋለች። ዘይት እኮ ነጠብጣብ ነው የሚያደርገው፤ እያለች ታስብና፣ ደግሞ እግሯን ያጠበችላትን ሴት እጅ ታስታውሳለች።

በማግስቱ ሙሐሲን ራሱ ፈልጓት መጣ። ባሕሩ ዳር፣ ሰው በሌለበት የእግረኛ መንገድ ላይ ነው የተገናኙት።

«ትናንት ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ፈርቼ ነው፤ እኔም ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ስለተቃጠለ ፖሊስ ፊት ብዙ መናገር አልወድም።»

«ለእኔ ንገረኝ።»

«ኪዳን ስሙ መጥፋቱ አቃጥሎት ነበር። ከሳምንት በፊት አንድ ነገር ለመነኝ። ሩማይሲያ አንድ ባዶ ቤት አሳየኝና 'ፊት ለፊቱ ያለው ካፌ ተቀምጠህ ማን እንደሚመጣ እይልኝ' አለኝ። አየሁ። ሁለት ሰዎች በመኪና መጥተው በሩን ደበደቡ። 'ኑርሀን! ኑርሀን!' እያሉ ይጣሩ ነበር።»

ኑርሀን በቅርቡ ከአሠሪዋ ጠፍታ የወጣች ልጅ ናት። ብዙነሽ ራሷ ነበረች ወደ እትዬ የሺ ያመጣቻት።

«ኑርሀን ግን እዚያ ቤት ገብታ አታውቅም» አለ ሙሐሲን። «ኪዳን የወሰዳት ሱራ ነው። የሩማይሲያውን ውሸት ሆን ብሎ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገረው። ለማን እንደነገረ ስጠይቀው እንደ ሕፃን አለቀሰ እንጂ አልመለሰልኝም። 'ራሷ ትናገር፣ እስከ አርብ ጊዜ ሰጥቻታለሁ' ብቻ አለኝ።»

«ራሷ?»

«ራሷ።»

ባሕሩ ላይ ያለው አቧራ ገና አልጠራም። ብዙነሽ ፊቷን ወደ ውኃው አዞረች።

«የመኪናውን ታርጋ አይተሃል?» አለች።

«መካኒክ አይደለሁ? ከሰው ፊት ይልቅ መኪና ነው የማስታውሰው።»

ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉም እትዬ የሺ ሳሎን ውስጥ ተሰበሰቡ። ወንበሮቹ ተራርቀው ተደርድረዋል፤ ሁሉም ማስክ ለብሷል። ሻምበል ዒሳ በሩ አጠገብ ቆሟል። ብዙነሽ መሐል ቆማ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ከዚያ ለሻምበሉና ለጁማ በዐረብኛ ተናገረች።

«ኪዳንን የገደለው የመኪናው ጭስ ነው። ኮሮላው ግን ረቡዕ ከሰዓት ፋህስ አልፏል፤ መርማሪው ቱቦውን በእጁ ነቅንቆ አይቷል። መሕቡባ በዚያው መኪና ተሳፍራ ስትመለስ ምንም አልሸተታትም። እንግዲህ ቱቦው የተፈታው መኪናው እዚህ ከገባ በኋላ ነው።

«ጁማ ከዳቦ ቤት ከተመለሰ በኋላ እስኪነጋ ከመኪናው አጠገብ አልተነሳም። ጋራዡ ባዶ የነበረው እሱ ዳቦ ሊገዛ በሄደበት ጊዜ ብቻ ነው። ያኔ ደግሞ በሩ ከውጭ ተቆልፏል። ስለዚህ የፈታው ሰው ከውስጥ ነው የወረደው፣ የጁማንም ልማድ ያውቃል። ሌላም ነገር አለ። መኪናው ያን ጊዜ ገና መግባቱ ነው። ቱቦው እሳት ነበር።»

ሙሐሲን ሳይታወቀው የራሱን እጅ አየ።

«ቀጥሎ ኪዳንን እናስብ። ጭስ ወደ መኪናው ሲገባ ማንም ሰው ይሸተውና ይወርዳል። እሱ ለምን አልወረደም? ከበሽታው በኋላ አፍንጫው ስላልተመለሰለት ነው። ይህን ግን ደብቆ ነበር። ሴቶቹ ገና አልዳነም ብለው መኪናውን እንዳይሸሹ፣ ፓስታው ሸተተኝ፣ ክሎሪኑ ሸተተኝ እያለ ያስመስል ነበር። መሕቡባ ድኗል ብላ ታምናለች። ሙሐሲንም ያምናል። ሀናን ከወር በፊት ጀምሮ አታናግረውም። አንድ ሰው ብቻ ነው እውነቱን የነገረኝ።»

ሀናን ወደ መሕቡባ ዞረች።

«ሐሙስ ጠዋት ኪዳን አንሶላ አንጥፎ፣ መኪናውን አቀዝቅዞ ተቀምጧል። ሰው ሊጭን እየጠበቀ ነበር ማለት ነው። እናንተ ግን 'አይወጣም' ተብላችኋል። መሕቡባ ከሀናን ሰማች፤ ሀናን ከሌላ ሰው ሰማች። ገዳዩ ኪዳንን ሊገድል እንጂ እናንተን ሊጨርስ አልፈለገም። ስለዚህ ለእናንተ አይወጣም አለ፤ ለሱ ደግሞ 'ትንሽ እንዘገያለን፣ አቧራ ነው፣ መስኮቱን ዘግተህ ጠብቀን' አለው። ሁለቱንም ወገን የሚያናግርና ሁለቱም ወገን የሚያምነው ሰው ነው።»

ወደ ጥቁሩ ነጠላ ዞረች።

«እጅዎን ያሳዩኝ።»

እትዬ የሺ ቀና አለች። ከሁሉም ነገር ይልቅ ያ ቃል ነው የወጋት።

«ከመቼ ወዲህ ነው አንቱ ያልሽኝ?»

«ዘይት ሲፈነጥቅ ነጠብጣብ ያቃጥላል። የእርስዎ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ የቱቦ ጠርዝ ነው። ኪዳን ለፋህስ ሲያዘጋጅ መብራት የሚይዝለትና መፍቻ የሚያቀብለው ማን እንደነበር ጁማን ጠይቄዋለሁ። በየዓመቱ እርስዎ ነበሩ። የትኛው ብሎን በየትኛው ቁልፍ እንደሚፈታ፣ መድፈኛው የት እንዳለ ያሳየዎት እሱ ነው። መኪናዋን ፋህስ እንዳይጥላት ያደረገውን የእጅ ሙያ አጠገቡ ሆነው ተማሩት።»

«ብዙዬ…»

«ሻምበል ዒሳ ዛሬ ጠዋት የሩማይሲያውን በር የደበደበውን ሰው አግኝቶታል። የሠራተኛ አስቀጣሪ መክተብ ሰው ነው። ኑርሀን እዚያ አለች ብሎ ማን እንደነገረው ተጠየቀ። ስምዎን ጠራ።»

ሀናን ከወንበሯ ተነሳች። ማስኳን ከፊቷ ላይ ገፈፈችው።

«የአክስቴን ልጅ አንቺ ነሽ?»

እትዬ የሺ ዓይኗን ወደ ወለሉ ሰበረች።

«ስጮህ ያቀፍሽኝ አንቺ ነሽ። 'ኪዳን ነው፣ ሌላ ማን ያውቃል' ያልሽኝ አንቺ ነሽ! ፊቱ ላይ ስተፋበት አጠገቤ ቆመሽ ነበር። እሱ አንቺን እያየ ነበር እኮ! እኔን አልነበረም የሚያየው፤ አንቺን ነበር!»

መሕቡባ አፏን በሻርፗ ይዛ ማልቀስ ጀመረች። እትዬ የሺ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ የተቃጠለ እጇን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ስትናገር ድምፅዋ የደከማት ሴትዮ ድምፅ ነበር፤ ወጥ ሲሠራ ጨው ቅመሺልኝ የምትለው ያው ድምፅ።

«ኢቃማዬ ከሞተ ቆየ። የመክተቡ ሰው አወቀብኝ። 'ወይ አንቺ ትገቢያለሽ፣ ወይ የጠፉትን ትነግሪኛለሽ' አለኝ። አንዷን ብነግረው የሚተወኝ መሰለኝ። አልተወኝም። ኪዳን ሲደርስብኝ ይጮሃል ብዬ ነበር። አልጮኸም። 'እናት ሆነሽልኛል፣ እኔ አላጋልጥሽም፤ ራስሽ ንገሪያቸውና ስሜን መልሺልኝ' አለኝ። እስከ አርብ ጊዜ ሰጠኝ።» ወደ ሀናን ዞረች። «እናንተ እማ ስትሉኝ እየሰማሁ፣ በናንተ ዓይን ውስጥ ያንን ሆኜ መታየቱን አልቻልኩትም። ረቡዕ ከሰዓት ወረድኩ። ሲያቃጥለኝ እንኳ አላቆምኩም።»

«ምን አለች?» አለ ሻምበል ዒሳ ከበሩ። ወጣቱ ፖሊስ ቃል ሊቀበል ተቀምጧል። «እንዳለችው ተርጉሚ። 'እሷ እንዲህ አለች' አትበይ። በራሷ ቃል።»

የጣቢያው ሕግ እንደዚያ ነበር፤ አስተርጓሚ ከሰውየው አፍ እንደወጣ፣ በሰውየው 'እኔ' ነው የሚናገረው። ብዙነሽ ይህን ለስንት ሰው አድርጋለች። አሁን ግን አፏን ከፍታ ቃሉ እንቢ አላት። ሁለተኛ ሞከረች።

«ኢቃማዬ ከሞተ ቆየ» አለች በዐረብኛ። ሁሉንም አለችው፤ አንዷን ብነግረው የሚተወኝ መሰለኝ፣ እናት ሆነሽልኛል አለኝ፣ ረቡዕ ከሰዓት ወረድኩ። እትዬ የሺ ዐረብኛውን ትሰማለች፤ የራሷ ወንጀል በብዙነሽ ድምፅ ሲነገር ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ፖሊሱ ብዕሩን አንስቶ የመጨረሻውን ጠየቀ። ማን ነው የገደለው ተብሎ በግልጽ መጻፍ አለበት።

ብዙነሽ ጠየቀቻት። እትዬ የሺ መለሰች።

«ኪዳንን የገደልኩት እኔ ነኝ» ብላ ብዙነሽ ተረጎመች። እንባዋ ማስኳ ውስጥ ገባ።

ሁለት ፖሊሶች እትዬ የሺን ይዘው ወደ በሩ ወሰዷት። መሕቡባ መንገዱን ለቀቀች። ሙሐሲን ቀና ብሎ አላያትም። ሀናን መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ ለማንም ሳይሆን «እንዴት ነው አሁን ይቅርታ የምጠይቀው?» ትላለች፣ ደግማ ደጋግማ።

እትዬ የሺ ብዙነሽ አጠገብ ስትደርስ ቆመች። እጇን ልትዘረጋ አሰበችና ተወችው።

«ልጄ» አለቻት።

ሻምበል ዒሳ ቀረብ አለ። «ምን አለች?»

ብዙነሽ በሩን ከፍታ ያዘችላቸው።

«ምንም» አለች።